ደጅ የሚተኛው ሕፃን

ሰሞኑን ከቤቴ ፊት ለፊት አንዲት ልጅ ዳቦ ቤት ከፍታለች። ጣፋጭ ዳቦ ነው የምትጋግረው፤ ሊጡ ውስጥ ኮረሪማ ፈጭታ ትነሰንስበታለች። ማለዳ መስኮት ስከፍት ሽታው ይመጣና አፍንጫዬ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ "ሰፈራችን አማረበት" ይላል። እኔ መስኮቱን መልሼ እዘጋለሁ። ኮረሪማ የወጥና የቅቤ ነው፤ በዳቦ ውስጥ ያሸተትኩት በዕድሜዬ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ከቤተ መንግሥቱ በታች ወደ ጉቶ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የዴንማርኮቹ ቤት። አሁን ቦታው ላይ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፣ ፊቱ ባጃጅ ተኮልኩሎ ይውላል፤ ያኔ ግን የቀርከሃ አጥር፣ የሣር ጣሪያና አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር። ልጅቱ ዘንድ ሄጄ "ይህን ከማን ተማርሽው?" አልኳት። "ከስልክ ነው አባባ፤ ይቅመሱ እንጂ!" ብላ ሳቀች። አልቀመስኩም። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት፣ በጃንሆይ ጊዜ።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ጎርበጥ ቢልባችሁ አይድነቃችሁ። ሰዎች ያለፈ ዘመናቸውን ሲጽፉ ማር ይቀቡታል። እኔ ማር የለኝም። አባቴ ከሸዋ በወታደርነት መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ነቀምቴ ተወልጄ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከመንገድ ለቀምኩ። ሁለት ቋንቋ ይዤ የምሠራበት አጥቼ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ገበያ ውስጥ ጆንያ ስሸከም ሙሴ ያንስ አገኘኝ። ሙሴ ያንስ ከዴንማርክ የመጣ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ። ያኔ ፈረንጅ ወንድን ሁሉ "ሙሴ" ነበር የምንለው። "አማርኛ ታውቃለህ? ኦሮምኛስ?" አለኝ። "ሁለቱንም" አልኩት። ዘበኛም፣ አትክልተኛም፣ አስተርጓሚም አድርጎ ቀጠረኝ። ካኪ ኮትና ሱሪ አሰፋልኝ፣ ሸራ ጫማ ገዛልኝ፣ ለብርዱ ጣልያን ጥሎት የሄደ የሚመስል ካቦርት ሰጠኝ። ያኔ ዶሮ በስሙኒ ይገኛል፤ ከአንገር ቆላ የሚመጣው ማር ቅሉ ሙሉ አንድ ብር አይሞላም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠጅ ቤቱ ማዕዘን ላይ የሸክላ ዘፈን ይሰማል፤ ሸክላው ስለተጫረ ዘፋኙ ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ላይ ይንተባተባል፣ እኛም ከእሱ ጋር ተንተባትበን እንዘፍን ነበር። ካኪውን ከለበስኩ በኋላ ግን አብሬ መዝፈን ተውኩ። ትናንት አብረውኝ ጆንያ የተሸከሙትን ሰላም አልልም። ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የዴንማርክ ሰው የቤት ኑሮ በሰዓት የተሰፋ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እራት ይቀርባል፤ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም፣ ሰማይ ቢቀደድም። ገና ሳይመሽ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ያበራሉ። በልተው ሲጨርሱ ባልየው ሚስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ "ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ" ይላታል። በየቀኑ! መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር፤ ባልና ሚስት በደህና ጊዜ እንደዚያ አይነጋገሩም። ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ሳህን ያጥባል፣ እሷ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። ልደት ሲሆን ባንዲራቸውን ያወጣሉ፤ ቀይ መሐሉ ላይ ነጭ መስቀል፤ ሙሴ ያንስ ራሱ የላገው ረጅም እንጨት አጥሩ አጠገብ ተተክሏል። ሰዉ የመንግሥት በዓል ይመስለው ነበር። "ዛሬ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ሞላት" እላቸዋለሁ፤ "ለዚህ ባንዲራ?" ይሉና እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ለገናቸው ደግሞ ጥድ ቆርጠው ሳሎን ውስጥ ያቆማሉ፤ በየቅርንጫፉ እውነተኛ ሻማ ይለኩሳሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዛፉን እየዞሩ ይዘፍናሉ። ልብ በሉ፣ ጣሪያው ሣር ነው። እኔ ሁለት ባልዲ ውኃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ያልበኛል፣ እነሱ እንባ አቅርረው ይዞራሉ። ኮረሪማ ያለበት ዳቦ የሚጋገረው ለዚያ ቀን ነው። የሙሴ ያንስ ሚስት ማዳም ኪርስተን ትኩሱን ቆርሳ እየሰጠችኝ "የእናቴ ቤት እንዲህ ይሸታል" ትለኝ ነበር። እኔ የምበላው እሳቱን በአንድ ዓይኔ እየጠበቅሁ ነው። የዚያን ቤት ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው የማስታውሰው፤ እነሱ ደስ ብሏቸው፣ እኔ አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ።

ማዳም መጀመሪያ የወለደቻት ሴት ልጅ በዘጠነኛ ቀኗ ሞተች። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ቀበሯት። ነቀምቴ ያኔ ትንሽ ናት፤ የፈረንጅ ለቅሶ ብርቅ ስለነበር ሁሉም ወጥቶ አየ። ሙሴ ያንስ ሣጥኑን ራሱ ሠርቶ ራሱ ተሸከመው። የተወለደችበት ቀን ዓመት ሲሞላው ማዳም ወደ መቃብሩ ወጥታ የመዳፍ ያህል የወረቀት ባንዲራ ተከለችበት። ከብት የሚጠብቁት ሳይቀሩ ነገሩን ለከተማው አወሩት፤ "ፈረንጇ ልጇን ቀብራ ባንዲራ ተከለችባት" ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወንድ ወለደች። አንደርስ አሉት። ሙሴ ያንስ ከዋንዛ እንጨት ጋሪ ሠራለት፤ አራት የትንሽ ብስክሌት ጎማ፣ የድንኳን ሸራ ክዳን፣ ከላይ የትንኝ መረብ። እኔም ልጁን ገበያ ለገበያ ሊያዞሩበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሊያዞሩበት አልነበረም። አርባ ቀኑ እንኳ ሳይሞላ፣ ከምሳ በኋላ ማዳም ሕፃኑን ጠቅልላ ጋሪው ውስጥ አስተኛችው፣ ጋሪውን እየገፋች አወጣችውና ዝግባው ሥር፣ አጥሩ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የታኅሣሥ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነፍሳል፣ ቁራ ዝግባው ላይ ሰፍሯል፣ ሕፃኑ ብቻውን ደጅ ተኝቷል። እኛ ዘንድ አራስ ልጅ ከጓዳ አይወጣም፤ እንግዳ እንኳ ሲያየው እፍ ተብሎለት ነው። ሳልናገር ቀረሁ አትበሉኝ፤ ተናግሬያለሁ።

"ማዳም፣ ልጁን ምች ይመታዋል። የሰው ዓይን አለ። አሞራም አለ።"

"ተሰማ፣ አንቺ አትፍሪ" አለችኝ። ሁልጊዜ በሴት አንቀጽ ነው የምትጠራኝ፤ ያረማትም የለም። "እኔ እንደ እሱ ሆኜ በረዶ ላይ ተኝቻለሁ። እናቴም። የእናቴም እናት።"

"በረዶ ላይ?"

"በረዶ ላይ። ጉንጩ ሲቀላ እናት ደስ ይላታል። ደጅ የተኛ ልጅ ይጠነክራል፣ ደህና ይበላል። ሱቅ ስንገባ እንኳ ጋሪውን ከነልጁ በሩ ላይ ትተን ነው የምንገባ።"

"ሌባስ?"

"ልጅ ማን ይሰርቃል?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "ያችኛዋን ቤት ውስጥ ነበር ያስተኛኋት። ሐኪሙ ብርድ አታስነኪ አለኝ፣ መስኮት ሁሉ ዘጋሁ። ይህን ግን እንደ እናቴ አሳድገዋለሁ። አንቺ እዚህ ቁጭ በይና ጠብቂ።"

እናት ናት፤ ምን ይባላል? በርጩማ አምጥቼ ጋሪው አጠገብ ተቀመጥኩ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ። እውነቷንም ነው፣ ልጁ እንደ ድንጋይ ይተኛል።

በሁለተኛው ቀን አጥሩ ላይ ዓይን አየሁ። በሦስተኛው ቀን አራት አምስት ሆነ። የገበያ ቀን ሲሆን ከጉቶ ቅቤና እንጨት ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ሸክማቸውን አጥሩ ሥር ያወርዱና ቆመው ያያሉ። አይስቁም፤ አያወሩም። ይህ ነበር የሚያስፈራኝ። የነቀምቴ ሴት ፈረንጅ አይታ ካልሳቀች የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። አንዳንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ አንዳንዷ ወደ ኮረብታው ወደ መቃብሩ በአገጯ ታሳያለች። እኔ "ሂዱ!" ብዬ እጮሃለሁ። አንድ እርምጃ ይሸሹና እንደገና ይቆማሉ።

እነሱ ያዩትን እኔም አውቀው ነበር፤ እናቴ ዘንድም፣ እነሱ ዘንድም ያለ ነገር ነው። ልጅ የሚሞትባት እናት ቀጣዩን ስትወልድ ደጅ አውጥታ "ጣልኩት፣ የእኔ አይደለም" ትላለች። ልጆቿ የበረከቱላት፣ እጇ መልካም የተባለች ሌላ ሴት መጥታ ታነሣዋለች፤ በምትኩ ምልክት ታስቀምጣለች። ቤቷ ወስዳ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ገንፎ አገንፍታ ጎረቤት ትጠራለች። ከዚያ በዚያው ቀን ለወለደችው እናት "እንቺ፣ ልጄን አጥቢልኝ" ብላ ትመልሳለች። ሞት የዚያችን እናት ልጅ ፈልጎ ሲመጣ ያጣዋል፤ ያለው የሌላ ሰው ልጅ ነው። እንግዲህ አንድ የቀበረች ፈረንጅ ሁለተኛውን በየቀኑ ደጅ ስታወጣ ከተማው ምን ይበል? "ጥላዋለች፤ የሚያነሣላት አጥታ ነው" አለ።

አዴ ዲንቄ የመጣችው በዚያ መሐል ነው። "አዴ" በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቅቤ ሻጭ፣ ባሏ የሞተባት፣ ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ስድስት ወልዳ ስድስቱም በሕይወት አሉ፤ ያኔ እንዲህ ያለች ሴት በከተማው ከሁለት አትበልጥም። ስለዚህ የተጣለ ልጅ ሲኖር የምትጠራው እሷ ናት። አጥሩን በዘንግ መታችውና በኦሮምኛ "ያ" ብላ ጠራችኝ፤ "አንተ" እንደማለት ነው።

"ያ ተሰማ! ይህ ልጅ እስከ መቼ ነው እዚህ የሚተኛው?"

"እስኪነቃ።"

"አትቀልድብኝ። ሦስት ገበያ ቆጠርኩ። የተጣለ ልጅ ሦስት ገበያ ሳይነሣ ይቀራል? ነቀምቴ ሴት አልቆባታል?"

"አልጣሉትም። የአገራቸው ልማድ ነው፣ ማስተኛታቸው ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። "ሰማችሁ?" አለች ዲንቄ። "አንዷን ቀብራ ሁለተኛውን ደጅ የምታወጣ እናት ለምን እንደምታወጣ ይህ ካኪ ለባሽ ሊያስተምረኝ ነው!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም። ሁሉም ይፈራቸዋል፣ ማንም አይጠጋቸውም። እኔ አልፈራም። ጠይቅልኝ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ አነሣላቸዋለሁ።"

"እሺ፣ እጠይቃለሁ።"

አልጠየቅሁም። ለምን ብትሉኝ፣ አፈርኩ። ካኪ ለብሼ፣ ሸራ ጫማ ተጫምቼ፣ ሙሴ ያንስ ፊት ቆሜ "ሞትን ለማታለል ልጃችሁን ቅቤ ሻጭ ትውሰደው" ልል ነው? የአገሬን ነገር እንደ ቡትቶ ከኋላዬ ደበቅሁት። በሌላው ገበያ መጣች፤ "ጠየቅክ?" "ነገ።" ከዚያም በሌላው፤ "ጠየቅክ?" "ሥራ በዝቶባቸዋል።" አራተኛ ስትመጣ ማዳም እንግዶች ነበሯት፤ ሦስት ፈረንጆች ዝግባው ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሕፃኑ አጠገባቸው ተኝቷል። ዲንቄ ከአጥሩ ማዶ ቅቤው በግንባሯ ላይ እየፈሰሰ "ያ ተሰማ! ያ ተሰማ!" ትላለች። እንግዶቹ ዞር ብለው አዩዋት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሮጬ ሄጄ በጥርሴ መሐል "ጠይቄያለሁ። እሺ ብለዋል። አሁን ሂጂልኝ" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ዋቃ ይስጥልኝ! እንግዲያው ለሐሙስ። ሐሙስ መልካም ቀን ነው" አለችና ሸክሟን አንሥታ ሄደች።

ከሐሙስ በፊት አራት ቀን ነበረኝ። አራት ቀን ሙሉ አፌን ከፍቼ መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ለማዳም ብነግራት ትስቅ ይሆናል፣ ለዲንቄ "ዋሽቻለሁ" ብላት ትሰድበኝ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም ነበር። እኔ ግን "ከፈረንጅ ግቢ ደፍራ አትገባም" አልኩ። ብትመጣም በሩ ላይ እመልሳታለሁ አልኩ። ረቡዕ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐሙስ ጧት ሰማዩ በሚቃጠል ገለባ ጭስ ጠቁሮ፣ ፀሐይዋ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆና ወጣች።

ከምሳ በኋላ ጋሪው ወጣ። እኔም ተቀመጥኩ። መንገዱን አየሁ፣ ማንም የለም። ያን ጊዜ ሙሴ ያንስ ከጓሮ፣ ከእንጨት መሥሪያው ቤት ጠራኝ፤ የዋንዛ ጣውላ ብቻውን ማንሣት አቅቶታል። እንደገና መንገዱን አየሁና ሄድኩ። ጣውላውን አነሣን፣ አዞርነው፣ "ትንሽ ወደዚህ" አለኝ፣ ወደዚያ ገፋነው። ያን ያህል ብቻ ነው የቆየሁት። ስመለስ ጋሪው ባዶ ነው።

የትንኝ መረቡ በአራት ታጥፎ ጋሪው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሌባ መረብ አያጥፍም። ሕፃኑ በተኛበት ቦታ ላይ ጭብጥ የሚሞላ እርጥብ ሣር አለ፤ በሣሩ ላይ የመዳብ አምባር። ማን እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደችው፣ መቼ እንደምትመልሰው ያን ጊዜ ከእኔ በቀር በዚያ ግቢ የሚያውቅ የለም። ቤቷ ሮጬ ብሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። የቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። እጄ ከእኔ ቀድማ ሄደች፤ ሣሩንም አምባሩንም አንሥታ ኪሴ ከተተች።

ማዳም መጣች። ጋሪውን አየች፣ እኔን አየች። እጇን ወደ ፍራሹ ሰደደች። "ገና አልቀዘቀዘም" አለች። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። የዴንማርክ ሰው አይጮህም ብዬ አስብ ነበር።

ፖሊስ መጣ። መቶ አለቃው ከሸዋ ከተዛወረ ወር አልሞላውም፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። "አንተ ዘበኛ፣ የት ነበርክ?" ብሎ ሁለት ጊዜ በጥፊ አጮለኝ። "ጣውላ ላነሣ" አልኩ። "ማን ወሰደው?" "እንጃ።" ከተማውን ከላይ እስከ ታች አሰሱ፤ ማዳም በባዶ እግሯ ከኋላቸው ትሄዳለች፣ እኔ ኪሴ ውስጥ አምባሩን ጨብጬ ከእሷ ኋላ። የገበያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጠመንጃ ሲያይ ግን ማንም አይናገርም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከታችኛው ሰፈር እልልታ ተሰማ። እልልታውን ተከትለን ሄድን።

ዲንቄ ግቢዋ ውስጥ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። አንደርስ ጭኗ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ በቅቤ ያበራል፣ አንገቱ ላይ ጨሌ ታስሮለታል፣ ዓይኑን ገልጦ ጨሌውን ሊይዝ ይሞክራል። ገንፎ በገበታ ቀርቧል። ስድስቱ ልጆቿ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። እኛን ስታይ ተነሣች።

"እንኳን መጣችሁ! ገንፎው ሳይበርድ ደረሳችሁ። እኔ ራሴ ልመጣ ነበር።" ማዳም ሕፃኑን ከእጇ ነጠቀቻት። ዲንቄ አልተቆጣችም፤ "አዎ፣ እንቺ፣ አጥቢልኝ" አለቻት፣ በኦሮምኛ።

"ልጁን ለምን ወሰድሽ በላት" አለኝ መቶ አለቃው። አልኳት።

"ለምን?" ሳቀች። "አንተ አይደለህም ፈቃዳቸውን ያመጣህልኝ? ንገረው እንጂ! አምባሬን ትቻለሁ፣ ሣር ትቻለሁ፣ እንደ ወጉ ነው ያደረግሁት።" ባዶ አንጓዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ አምባሩ ለዓመታት የተቀመጠበት ቆዳ ነጣ ብሎ ይታያል።

"ምን ትላለች?"

ኪሴ ውስጥ ያለው መዳብ ሞቋል። ማዳም እያየችኝ ነው። ሙሴ ያንስ እያየኝ ነው።

"ልጁ አማረኝ፣ ወሰድኩት ነው የምትለው" አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበር፤ በወጣትነቱ ለነጋዴ የሠራ፣ አማርኛ የሚያውቅ። "ኧረ ጌታዬ፣ እንዲህ አላለችም!" ብሎ ተነሣ።

"ዝም በል አንተ! አስተርጓሚ አለኝ።"

ዲንቄ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየች ትጠብቃለች። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም ነበር። ክንዷን ሲይዟት ነው የጠፋው። ሽማግሌው ሳልፍ ጆሮዬ ሥር "አፍህን ለማን አከራየኸው?" አለኝ።

በማግስቱ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አኖርኩ። ብዙ ሰው "ምን እንደተጻፈ አላውቅም ነበር፣ መሃይም ነበርኩ" ይላል። እኔ እንዲህ አልልም። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦልኛል፤ "ሴትዮዋን አላውቃትም፤ ተደብቃ ገብታ ወሰደችው" ይላል። "ትክክል ነው?" አለኝ። "ትክክል ነው" አልኩ። አምባሩን በዚያው ቀን ሽንት ቤት ጣልኩት።

ማዳም ከዚያ ወዲህ ልጁን ደጅ አላስተኛችም። ጋሪው መጋዘን ገባ። አንድ ቀን መስኮት ስትዘጋ አገኘኋት። "ተሰማ፣ መረቡን አጥፋ ነው የሄደችው። ልጄን ቅቤ ቀብታዋለች። ሌባ እንዲህ ያደርጋል?" አለችኝ። "እብድ ናት ማዳም" አልኳት። "ይኸው እኔም መስኮት የምዘጋ እናት ሆንኩ" አለችና መጋረጃውን ጎተተች። ልጁ ሌሊት ሌሊት ያስል ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ አገራቸው ሄዱ፤ የባንዲራው እንጨት ብቻውን ቀረ፣ ሌላ ሰው ለማገዶ ቆረጠው።

ዲንቄ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። በሁለተኛው ክረምት ትንሹ ልጇ በንዳድ ሞተ፤ አራት ዓመቱ ነበር። እናቱ እንድትቀብረው አልተፈቀደላትም። ስትወጣ እንደ ድሮው ቅቤዋን ይዛ ገበያ ተቀመጠች፤ ልጅ አንሺ ብሎ የሚጠራት ግን አልተገኘም። እጇ ተበላሽቷል ተባለ። እኔ በዚያ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በሌላ በኩል እዞር ጀመር፤ እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

ሙሴ ያንስ ሲሄድ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ጸሐፊ አስጽፎ አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ሥራ ይሰጠኝ ነበር፤ የሁለት መጋዘን ዘበኛ፣ የአንድ ወፍጮ ቤት ኃላፊ ሆኜበታለሁ። ምን እንደሚል ግን ጠይቄ አላውቅም። አርባ አልፎኝ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ በኋላ፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ ጣቴን እያስከተልኩ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። "አቶ ተሰማ ታማኝ ሰው ነው። በልጃችን መጥፋት ጊዜ ከጎናችን አልተለየም።" ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉ አንድም አልተሳሳተም።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ዲንቄ አርጅታለች፤ ጥርሷ ጎድሏል። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩና በኦሮምኛ ጀመርኩ። በአማርኛ መለሰችልኝ።

"በአማርኛ ተናገር። እስር ቤት ተማርኩት። ያን ቀን ያልከውን የሰማሁት ያኔ ነው፣ ከዓመት በኋላ።"

እሷ ቅቤዋን በቅጠል መጠቅለሏን ቀጠለች።

"ልጁስ?" አለችኝ።

"አድጓል። ትምህርት ቤቱ ዘንድ ፎቶግራፉ መጥቶ አይቻለሁ። ከአባቱ ይረዝማል።"

"እህ" አለች፤ ራሷን ነቀነቀች። "ስንት ልጅ አለሽ ሲሉኝ ስድስት የምለው ለዚያ ነው። አምስት እዚህ፣ አንድ እዚያ። ሰው ልክ አይደለሽም ይለኛል። ልክ ነኝ። አንሥቼዋለሁ፤ ኖሯል።"

"አዴ ዲንቄ፣ እኔ የመጣሁት..."

"ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። ሲከብድህ ነው የመጣኸው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ የጥንቱን ዓይነት አስተያየት ነው ያየችኝ፣ አጥሩ ላይ ቆማ ጋሪውን ስታይ እንደነበረው። "የተጣለ ልጅ ያነሣሁት ብዙ ነው" አለች። "አንተን ግን ማን ያነሣሃል?"

ቅቤ ፈላጊ ሲመጣ ከእኔ ወዲያ ዞራ ታዋራው ጀመር። እኔ እንደ ተቀመጥኩ ገበያው ተፈታ።